ከፎገራ ጭቃ እስከ ሲሚንቶ
የአንድ ሜዳ ቤቶች ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲቃረብ፣ በስተግራው በኩል እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ያያል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሩዝ ያረንጓድበታል፤ በበጋ ደግሞ ጥቁር አፈሩ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ሜዳና በዙሪያው የተሠሩትን ቤቶች ግን ቆም ብሎ የሚያስተውል መንገደኛ ጥቂት ነው። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ምን የሚታይ ነገር አለው?

ዛሬ በዓለም ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢን ሳይጎዱ ስለመገንባት በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ይጠናል። ተማሪው ሁለትና ሦስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ተቀምጦ የሚመራመረው፣ አንድ ሕንፃ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ምን ያህል የተቃጠለ አየር ወደ ሰማይ እንደሚልክና ይህን እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ነው። እኛም ጥያቄውን ወደ አገራችን እናምጣው። የፎገራ ገበሬ አባቱ በሠራው ዓይነት ቤት ሲኖር፣ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምን ዕውቀት ይዟል? ምንስ ጎድሎታል? ለመልሱ ወደ ኋላ ተመልሰን የቤቱን ታሪክ ማየት ይኖርብናል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎገራ ርብና ጉማራ በየዓመቱ ከደጋው ያወረዱት ደለል የሞላው ሜዳ ነው። ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝበትም። ያለው አፈር፣ ሣር፣ ከብትና ከዳር ዳሩ የሚቆረጥ እንጨት ነው። ስለዚህ ቤቱም ከእነዚህ ተሠራ። ቋሚ እንጨቶች ተቸክለው ግድግዳ ይቆማል፤ ማገር ይማገርበታል፤ ልጥ ያስረዋል። ከዚያ አፈሩ ከጭድ ጋር ይቦካና ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል፤ እየተረገጠ ይታሻል፤ ከዚያም ይመረጋል። ሲደርቅ የተሰነጠቀውን በጭድና በእበት የተለወሰ ልስን ይደፍነዋል። ጎረቤት በደቦ ተጠራርቶ ይሠራዋል፤ ሣር ይከደንበታል።

ይህን አሠራር የድህነት ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የፎገራ ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሠረቱ ያልጠለቀ የብሎኬት ቤት በላዩ ቢቆም፣ መሬቱ በተነፈሰ ቁጥር ግድግዳው ይሰነጠቃል። በእንጨት የታሰረው የጭቃ ግድግዳ ግን ከመሬቱ ጋር ጥቂት ይወዛወዛል፤ ስንጥቁም በአንድ እፍኝ ጭቃ ይጠገናል። ጭዱና እበቱ አፈሩን አያይዘው ስንጥቁን ይቀንሳሉ። የፎገራ የወተት ላሞች ስማቸው በአገሪቱ የታወቀ ነው፤ ቤቱን ለመለሰንም ባለውለታ መሆናቸው ግን እምብዛም አይነሣም።

ከወረታ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ጥቂት ከተጓዝን፣ እንፍራዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ እናገኛለን። ግንቡ ከ1563 እስከ 1597 ከነገሡት ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ስም ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ዙሪያ የኖራ ሥራ ተስፋፋ፤ ከህንድ የመጡ ባለሙያዎችም እጅ ነበረበት። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ድንጋይና ኖራ የነገሥታቱ የግንባታ ቋንቋ ሆኖ ነበር። በርብ ላይ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይም በዚያው በፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል።

እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት የግንባታ ዕውቀቶች ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። በኮረብታው ላይ የንጉሡ ድንጋይና ኖራ፤ በሜዳው ላይ የገበሬው ጭቃና ሣር። ኖራው ወደ ሜዳው አልወረደም። ድንጋዩን ማቃጠል ብዙ እንጨትና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህን የሚያዝ ደግሞ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ነበር። ጎንደር ስትዳከም የኖራው ሙያም አብሮ ቀዘቀዘ፤ ጭቃው ግን ባለቤቱ ሕዝቡ ስለነበር ዘለቀ።

የሜዳው ቤት የተለወጠው ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እዚህም ደርሶ የአገር በቀሉን ዛፍ ቦታ ወሰደ። መኪና መንገድ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ሲሠሩ፣ ወረታ የመንገድ መገናኛ ከተማ ሆነች። በዚያው ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የሩዝ እርሻ በፎገራ ተጀመረ። የዱር ሩዝ ቀድሞም በረግረጉ ላይ ይበቅል ነበር፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ግን የሜዳውን ኑሮ ለወጠው። ውኃ የሚተኛበትና ከብት ይግጥበት የነበረው መሬት ታረሰ። የግጦሽ መሬት ሲጠብ ሣሩም ከብቱም ቀነሰ። የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታ የለቀቀው ሰው ዘመናዊ መሆን ስለፈለገ ብቻ ሳይሆን፣ ሣሩ ራሱ ስለራቀው ጭምር ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንግባ። በአገራችን የሕንፃ ሙያ በዘመናዊ መልክ መሰጠት የጀመረው በ1954፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ በተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ በድኅረ ምረቃም አስተምሯል። በ2010 ግድም መምህራኑና ተማሪዎቹ ከስዊዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በግቢያቸው ውስጥ አንድ የሙከራ ቤት ሠሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ነው። የታችኛው ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ የተደለደለ አፈር ነው፤ ወለሉን የተሸከመው ደግሞ ከስስ የአፈር ጡቦች የተሠራ ቅስት ነው። አፈር ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል በዚያ ግቢ ታየ።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተግሎ ነው። ነዳጁ ከሚያወጣው ጭስ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። በዓለም ላይ ሰዎች ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከመቶ ከ7 እስከ 8 የሚሆነው ከሲሚንቶ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በአውሮፓ የሚታተሙት የዚህ ትምህርት መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት ቤቱን በክረምት ለማሞቅ በሚወጣው ኃይል ላይ ነበር። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የሚያስፈልገው ቤት እምብዛም የለባትም። መብራቱም የሚመጣው በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ነው። ምድጃውን ለብቻው ካየነው፣ የፎገራ ቤት የካርቦን ሒሳብ የሚወሰነው በሚሠራበት ዕቃ ነው፤ በሲሚንቶው፣ በብረቱና በቆርቆሮው። ስለዚህ ከውጭ ተምሮ የሚመለስ ባለሙያ የዚያን አገር መልስ ሳይሆን የዚያን አገር አጠያየቅ ይዞ ቢመጣ ይሻላል።

ለምሳሌ ሩዙን እንውሰድ። ከ1,000 ኪሎ ግራም ያልተፈለፈለ ሩዝ 200 ኪሎ ግራም ያህል ገለባ ይወጣል። ይህ ገለባ ሲቃጠል 40 ኪሎ ግራም የሚሆን አመድ ይተርፋል፤ የአመዱም አብዛኛው ክፍል ሲሊካ ነው። ቃጠሎው ከ700 ዲግሪ በታች ተጠብቆ አመዱ ከደቀቀ፣ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ ከሲሚንቶ ጋርም ሲደባለቅ የሲሚንቶውን ድርሻ ይቀንሳል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ኩማር መህታ ይህን ከ1970ዎቹ ጀምሮ አጥንተዋል። በኮረብታው የነገሥታት ኖራና በሜዳው የገበሬ ሩዝ መካከል የነበረው አራት መቶ ዓመት ያህል ርቀት በአንድ የማቡኪያ ጉድጓድ ውስጥ ሊገናኝ ይችላል ማለት ነው። በወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ስለ ፍሬው የሚጠናውን ያህል ስለ ገለባው ቢጠና ከቤት ሠሪው ዘንድ ምስጋና አያጣም።

ይሁንና ጭቃውን ስናመሰግን የሚኖርበትን ሰው እንዳንረሳ። በ2006 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ውኃ የተኛበት የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይሟሟል። ምስጥ ቋሚውን ይበላል። በየዓመቱ ልስኑን የምታድሰው በአብዛኛው ሴቷ ናት፤ ድካሟም በማንም የካርቦን ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ቆርቆሮ መክደን ለገበሬው የክብር ጉዳይ ነው፤ ቆርቆሮ ያለው ሰው ልጁን ሲድር አንገቱን ቀና ያደርጋል። ይህን ክብር በንቀት የሚያይ ምሁር ሰሚ አያገኝም።

ግብጻዊው የሕንፃ ባለሙያ ሐሰን ፋቲ በ1940ዎቹ በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ቁርና የተባለውን መንደር በጭቃ ጡብ በጥበብ ሠርተው ነበር። እንዲዛወሩ የታሰቡት ነዋሪዎች ግን አብዛኞቹ አልገቡበትም። በአንጻሩ የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ገና በርሊን ተማሪ ሳሉ፣ በ2001 በትውልድ መንደራቸው በጋንዶ ትምህርት ቤት አሠሩ። ሸክላ አፈሩን በጥቂት ሲሚንቶ አጠንክረው ጡብ አደረጉት። ቆርቆሮውንም አልናቁትም፤ ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉትና ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አደረጉ። ቆርቆሮው ግድግዳውን ከዝናብ ጠበቀ፤ ክፍሉም ቀዘቀዘ። መንደርተኛው ራሱ እየተማረ ሠራው። በ2022 ኬሬ በሥነ ሕንፃ ከፍተኛ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበሉ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ግልጽ ነው። ፎገራ የሚያስፈልገው ወደ ሣር ጎጆ መመለስ አይደለም። ከጎርፉ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ቆርቆሮ፣ በየዓመቱ የማይለሰን ግድግዳ ያስፈልገዋል። ይህን ለማግኘት ግን ተመራማሪው መጀመሪያ ከአንድ ሰው ጋር መቀመጥ አለበት፤ የትኛው አፈር ለምርጊት እንደሚሆን በጣቱ አሽቶ ከሚያውቅ፣ ጭቃው መቼ እንደበሰለ በሽታው ከሚለይ አዛውንት ጋር። ያ ዕውቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም። ልጆቹ ብሎኬት መደርደርን እየተማሩ ናቸው፤ እርሱም እያረጀ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው። የዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት ስለ አፈር ቤት ለመማር ባሕር ማዶ የሚሻገር የወረታ ልጅ ይኖር ይሆናል። ከመሄዱ በፊት አያቱን ቢጠይቅ ግማሹን ትምህርት እዚሁ ባገኘው ነበር እንዳይባል፣ መጠየቂያው ጊዜ ዛሬ ነው።