ከቀለሙ ሥር ያለው ቀለም

«ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ሥዕሉ?» ረቂቅ ሥዕል ፊት ከቆመ ሰው አፍ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ሥዕሉ ፊት የለው፣ ዛፍ የለው፤ ቀለም በቀለም ላይ ተለብጦ፣ ተፍቆ፣ ተላልጦ ይታያል። ጠያቂው አይነቀፍም። ዳሩ ግን «ምን ይመስላል?» ከማለት ይልቅ «ከሥሩ ምን ነበረ?» ብንል ሥዕሉ አፍ ያወጣል። የዚህ ዓይነቱ ሥዕል የቅርብ ዘመዱ የከተማ ግድግዳ ነውና።

እስቲ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስንወርድ የአሮጌ ሱቆችን ቆርቆሮ ልብ እንበል። አረንጓዴው ሲላላጥ ሰማያዊው ብቅ ይላል፤ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ዝገቱ። ቀለሙን የቀባው ሁሉ የራሱን ዘመን ትቶ ሄዷል።

ፈረንሳዮቹ ዣክ ቪሌግሌና ሬይሞን ሄንስ በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ ግድግዳ ላይ ተደራርበው የተቀደዱ ማስታወቂያዎችን እየገነጠሉ ለሥዕል ሥራቸው ማዋል ጀመሩ። ታዲያ ነገሩ የፈረንጅ ነው ማለት ነው? ገብረክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 በአዲስ አበባ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ይኸው ወቀሳ ደርሶበታል፤ «ባዕድ ነው» ተብሏል። ይሁን እንጂ አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በብራናዎቻችን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተተካበት ሞልቷል። ፍቆ መደረብን ከማንም አልተበደርንም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት መንገዱን አሰፉት። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ የሕንፃና የአደባባይ ንድፍ ትሥላለች፤ በላዩ ብርሃን አሳላፊ ቀለም ትለብጣለች፤ ትሞርዳለች፤ እንደገና ትሥላለች። በ2012 «ሞጋማ» በተባለው ባለአራት ክፍል ሥራዋ የካይሮው ታሕሪርና የእኛው መስቀል አደባባይ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረዋል። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ብሩሹን ጭምር ተወው። ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ሰፋፊ ገበታዎች ይሠራል። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ከተማ ይመስላሉ፤ ጠጋ ሲሉ ግን የሰው እጅ የነካካው ዕቃ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ የለበትም። ዝገት ለተመልካች ውበት ነው፤ ከሥሩ ለሚያድር ሰው ግን የሚያፈስ ጣራ ነው። ድህነትን አሳምሮ ሳሎን ላይ የሚሰቅል ሥዕል የግድግዳውን ቀለም እንጂ ታሪኩን አልወሰደም። የኤልያስ ሥራ ከዚህ የሚያመልጠው የሰዎቹን ድካም ከነዕቃው ስለሚያቆየው ይመስለኛል።

ነገሩ አሁን የሚያስቸኩለንም ለዚህ ነው። በ2024 የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ለአሥርተ ዓመታት የተደራረበ ቀለም አብሮ ወርዷል። ከተማ መታደሱ ባልከፋ፤ ክፋቱ የነበረውን ማንም ሳይመዘግበው ሲቀር ነው። የዶርዜ ቤት እንኳ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር እያጠረ ስለሚሄድ ዕድሜውን በቁመቱ ያስነብባል። የቆርቆሮው ግድግዳ ግን አንድ ቀን ተነቅሎ ይጫናል፤ በቃ። እንግዲህ ከመካከላችን ቀለም የሚነካ እጅ ያለው ሁሉ፣ የሲቀላ ግድግዳ ሳይነቀል ቀድሞ ይድረስበት።