የሚዛን ተቆጣጣሪው መዝገብ፤ ከጅጅጋ ገበያ የታሪክ ማስታወሻ

ሚዛን ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ ድቅን የሚለው በፍርድ ቤት በር ላይ የሚሳለው ምስል ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው እሱን አይደለም። በጅጅጋ ገበያ በስንዴ ጆንያዎች መካከል የተተከለውን ባስኩላ፣ በሱቅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠውን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ከገበያተኛው ዓይን የተሰወረውን አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ተቆጣጣሪው ይህን ሚዛን በዚህ ቀን ፈተንኩት፣ ይህን ያህል ይስታል ብሎ የሚጽፍበት ነው። ርእሱ ለታሪክ ተማሪ የማይመጥን የመሰለው ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ጅጅጋ ከተማ ከመሆኗ በፊት የመንገድ ማረፊያ ነበረች። ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1842 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። በ1893 እ.ኤ.አ. ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ሲያልፍ ያገኘው በውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የታጠረ ምሽግና 25 ወታደሮች ነው። የከተማ መልክ የያዘችው በ1916 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጊዜ ነው። እኚህ ሰው ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የ«ፋቡላ» ደራሲ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ባለቤት ናቸው፤ ጅጅጋን ማስተዳደራቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እንግዲህ ሲራራ ነጋዴ በመጣ ቁጥር መለኪያውንም ጭኖ ይመጣል። ፈረሱላ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ንግድ ጋር የመጣ መለኪያ ነው። በሐረር ቡና ሲመዘንበት 17 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ እንደ ገበያውና እንደ ዕቃው ግን ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በሐረር ሲነግድ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ቡናው በፈረሱላ ሲቆጠር ያገኛል። (ከባለቅኔነት ወደ ፈረሱላ! እንዲያው ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይመስላል።) ፈረሱላ እንደ ዋዛ የሚሞት መለኪያ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር ዋጋውን የጠራው በኪሎ ሳይሆን በፈረሱላ ነው።

ለትናንሹ ክብደት ደግሞ ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነበር። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደቷ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ወቄት የሚባለው መለኪያም በእሷ ልክ ሄደ። ወርቅ የሚሸጥ ሰው በአንዱ ሳህን ወርቁን፣ በሌላው ብሯን ያስቀምጣል። ብሯ በመዳሰስ ብዛት ካለቀች ወቄቱም አብሮ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ተቀባዩ የንግሥቲቱን ጌጥ እንቁዎች አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ፊቷ የተፋቀ እንደሆነም «ይቺን ቀይርልኝ» ይል ነበር። ይህ ጥሩ ቁጥጥር ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፦ የተጻፈ አይደለም። ትናንት የተመለሰችው ብር ዛሬ በሌላው ዳስ ትገባለች፤ ምስክር የለባትም።

በሚዛን ማጭበርበር ኃጢአት መሆኑን ለመንገር ደግሞ ማንም ሕግ አውጪ አላስፈለገም። ዘዳግም በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ ድንጋይ መያዝን ይከለክላል፤ የቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። በእስላማዊ ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ነበር። ቃሉም ቢሆን የጋራ ነው፤ እኛ ሚዛን ያልነውን ሶማሌው «ዘ» በቋንቋው ስለሌለ ሚሳን ይለዋል። የጎደለው እምነት አይደለም፣ ቃልም አይደለም።

ከዚያ የመንግሥታት መፈራረቅ መጣ። በ1936 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ሲገባ በኪሎና በሜትር የሚቆጥር ወራሪ ገባ። መጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበሩት ናይጄሪያውያን ወታደሮች ጅጅጋን ያዙ፤ ከእነርሱም በኋላ ሽልንግ፣ ፓውንድ፣ ያርድና ጋሎን የለመደ አስተዳደር ተቀመጠ። ጅጅጋ እስከ 1948 እ.ኤ.አ.፣ ሐውድና የተከለለው መሬት ደግሞ እስከ የካቲት 1947 ዓ.ም. በዚያ አስተዳደር ሥር ቆዩ። ከድንበሩ ማዶ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በዚያው ቀጠለች። ልብ በሉ፤ አንድ ያርድ 91.44 ሳንቲ ሜትር ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል በያርድ የገባን አቡጀዲ በዚያው ዘንግ እየለካ «ሜትር ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው በየሜትሩ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተኩል በነፃ ያተርፋል። ዘንጉ አልተቆረጠም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

ነጋዴው ግራ ተጋባ ለማለት አይደለም። ነጋዴ ፓውንዱን ወደ ኪሎ፣ ሽልንጉን ወደ ብር በጣቱ ይመነዝራል። ግራ የሚጋባው በወር አንድ ቀን ከቀብሪ በያህ ወይም ከሐርሺን በኩል ቆዳና ቅቤ ይዛ የምትመጣው እናት ናት። ሚዛኑ የእሷ አይደለም፣ የገዢው ነው። ስትሸጥም በእሱ ሚዛን፣ ስኳርና ሩዝ ስትገዛም በእሱ ሚዛን። የቁጥጥር ነገር የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሚዛን ቢኖራቸው ኖሮ ተቆጣጣሪ ባላስፈለገ።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐሰተኛ ሚዛንና መለኪያን ወንጀል አድርጎ አስቀምጧል። በ1963 እ.ኤ.አ. አዋጅ ቁጥር 208 ሜትራዊውን ሥርዓት የአገሪቱ መለኪያ አደረገ፤ ደንቡ በ1973 እ.ኤ.አ. ተከተለ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የጅጅጋ ገበያ ግን የሚከራከረው በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በኦሮምኛ ነበር። ደንቡ በወጣ በአራተኛው ዓመት ገደማ፣ መስከረም 1970 ዓ.ም.፣ ከተማዋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በጦርነት መካከል ስለ ግማሽ ኪሎ የሚጨነቅ ማን ነው? የደረጃዎች መሥሪያ ቤቱ በ1979 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1990 ዓ.ም. የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአራት ተከፈለና የሥነ ልክ ሥራ ለብቻው ተቋም አገኘ። የገበያው ሚዛን ቁጥጥር የንግድ መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። የስም ለውጡን ለቢሮክራሲ ታሪክ ጸሐፊ እንተውለትና ወደ ደብተሩ እንግባ።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ የታወቀ ክብደት ይዞ ይመጣል። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ያያል፤ ጥቂት፣ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ ጭነት ይጭናል። ባስኩላ ከሆነ በመሐልና በአራቱ ማዕዘን እያዟዟረ ይፈትናል፤ ጆንያውን ወደ ጥግ በመግፋት የሚገኝ ትርፍ አለና። ከዚያ ይጽፋል፦ የባለቤቱን ስም፣ ቦታውን፣ የሚዛኑን ዓይነትና ቁጥር፣ የመሸከም አቅሙን፣ በየጭነቱ የተገኘውን ስሕተት፣ ውሳኔውን፣ የማኅተሙን ቁጥር፣ ቀኑን። ስሕተት ሁሉ ወንጀል አይደለም። በ1955 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ባወጣው ልክ፣ በየ5 ግራሙ የተከፈለ ባለ 10 ኪሎ የሱቅ ሚዛን ሙሉ ሲጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረጋገጥ እስከ 5 ግራም፣ ሥራ ላይ ሳለ ደግሞ እስከ 10 ግራም ቢስት ይታለፋል።

ደብተሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሚዛን ዛሬ ቢስት ያረጀ ይሁን የተነካካ በአንድ ቀን ፈተና አይለይም። የነሐስ ድንጋይ በመፋተግ ይቀላል፣ በቆሻሻና በዝገት ይከብዳል፣ ሽቦ ይላላል። እርጅና ግን ለባለቤቱ አያዳላም። የአንድ ገበያ ሚዛኖች በእርጅና ቢስቱ ኖሮ ግማሹ ወደ ገዢ፣ ግማሹ ወደ ሻጭ ባደላ። የእህል ሰብሳቢው ባስኩላ ሁልጊዜ አሳንሶ የሚያነብ፣ የችርቻሮው ሚዛን ሁልጊዜ አብዝቶ የሚያነብ ከሆነ ግን ይህ እርጅና አይባልም። ይህን የሚያሳየው አንዱ መስመር አይደለም፤ በዓመታት የተደረደሩት መስመሮች ናቸው። በሕጉ ልክ ውስጥ ሆኖም መጉዳት ይቻላል፦ ከ10 ኪሎ 10 ግራም ማለት በዚያው ስሌት ከ1000 ኩንታል አንድ ኩንታል ነው። ተቆጣጣሪው በየጊዜው «አለፈ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ያ ኩንታል አይታይም። ግራሙን ከነአቅጣጫው ከጻፈ ይታያል። ስለዚህ «አለፈ»፣ «ወደቀ» ብቻ የሚል መዝገብ የግማሽ ሥራ ነው እንላለን።

መዝገቡ ለነጋዴውም መከታ ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንረሳለን። ያልተጻፈ ቁጥጥር የሰው ፊት ያያል። ቅን ነጋዴ ሚዛኑን አስፈትኖ ወረቀት ካልያዘ በማግስቱ የመጣ ሁሉ «ሚዛንህ ያጎድላል» ብሎ ሊያስፈራራውና ለሻይ ሊጠይቀው ይችላል። ቀን፣ ግራም፣ ማኅተምና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት ቅጂ በባንኮኒው ላይ ከተለጠፈ ግን ወሬው ያበቃል።

ስለ ቦታም አንድ ነገር እንጨምር። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ድንጋይን ከዕቃ ስለሚያነጻጽር በበርበራ ባሕር ዳርም በጅጅጋም እኩል ይናገራል። የሽቦ ሚዛን ግን የምድርን ስበት ነው የሚለካው፤ ጅጅጋ ደግሞ ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። በወደብ ተስተካክሎ የመጣ የሽቦ ወይም የኤሌክትሮኒክ ሚዛን በጅጅጋ ዳግም ካልተስተካከለ በመቶ ኪሎ ጥቂት አሥር ግራሞች አሳንሶ ያነባል። ለስንዴ ምንም አይደል፤ ለወርቅ ግን ነገር ነው። የት ተስተካከለ የሚለውም መዝገብ ላይ መግባት አለበት።

እንደ ታሪክ ተማሪ ደግሞ የሚያስጎመጀን ሌላ ነው። የተጓዦች ማስታወሻ ስንት ግመል ቡና እንዳለፈ ይነግረናል፤ በማን ሚዛን እንደተመዘነ ግን አይነግረንም። በኪሎ፣ በፈረሱላ፣ በኩንታል የተጻፈ የዋጋ ሰንጠረዥ ሁሉ ከኋላው አንድ ሚዛን አለው። የሚዛኑን ስሕተት ሳናውቅ የአንዱን አሥር ዓመት ዋጋ ከሌላው ጋር ስናነጻጽር ምን እያነጻጸርን ነው? ነገሥታት ዜና መዋዕል አላቸው፤ ባለ ሱቅ፣ እህል ሰብሳቢና ቅቤ ሻጭ በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙት እንዲህ ባለው ደብተር ነው። የዛሬው ደብተር ወረቀቱ ሲያልቅ ለስኳር መጠቅለያ እንዳይሆን የማስቀመጡ ነገር እኛንም ይመለከታል።

ያም ሆኖ ከደብተሩ ውጭ የሚኖር ገበያ ሰፊ ነው። እህል በጣሳ ይሰፈራል፤ ጣሳው ሞልቶ ተቆልሎ ነው ወይስ በእጅ ተጠርጎ? ታችኛው ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ጣሳ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው። የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት በኩባያ ትሰፍራለች፤ ኩባያዋን ደንበኛዋ ስለሚያውቃት ምራቂ ጨምራ ትሸኘዋለች። ጫት በእስር ነው፤ እስሩን የሚመዝነው የገዢው መዳፍ ነው። ለጣሳና ለኩባያ መፍትሔው ቀላል ይመስለናል፦ ልኩ የታወቀ፣ ቁጥር የተመታበት ጣሳ በየገበያው በር ማስቀመጥና እሱንም በመዝገቡ ማስገባት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ሻጯ በምታነበው በሶማሊኛ። የከብቱና የግመሉ ጉዳይ ግን ይከብዳል። በሶማሌ የከብት ገበያ ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ተያይዘው ከጨርቅ ሥር በጣት ይነጋገራሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ዋጋውን አያውቅም፣ ክብደቱም አልተለካም። ከመካከላችን ሶማሊኛ የሚያውቅ ጓደኛ ይህን የጣት ቁጥር ለሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን፣ የትኛው ጣት መቶ፣ የትኛው ሺህ እንደሆነ ጭምር፣ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ይዘንለታል።