ጨረቃ ላይ የተነገረው የመጀመሪያ ቃልና የስምጥ ሸለቆው ልኬት

ሰው ጨረቃ ላይ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኒል አርምስትሮንግ ስለ ትንሽ እርምጃና ስለ ታላቅ ዝላይ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ቢሆንም፣ የበረራው የድምፅ ቅጂ ቀዳሚነቱን የሚሰጠው ለባልደረባው ለባዝ ኦልድሪን ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፣ ከመንኮራኩሯ እግሮች ሥር ተንጠልጥለው ከነበሩት 1.7 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የመዳሰሻ ዘንጎች አንዱ አፈሩን ሲነካ ጠቋሚ መብራት በራ፤ ኦልድሪንም ይህንኑ ባጭሩ አስታወቀ። ቃሉ የወጣው መንኮራኩሯ ሙሉ በሙሉ ሳታርፍ ስለሆነ አይቆጠርም ማለት ይቻል ይሆናል፤ ይህ ግን ከአንድ ሰው ቁመት በማይበልጥ ከፍታ ላይ የሚደረግ ክርክር ነው።

ዝነኛው ንግግር የተሰማው ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ ሐምሌ 14 ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ ሲሆን፣ ገና ሳምንት ያልሞላት ጨረቃ ከኢትዮጵያ ሰማይ ቀደም ብላ ጠልቃ ስለነበር ምልክቱን በቀጥታ የተቀበሉት በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ ያሉ ጣቢያዎች ነበሩ።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ለጠፈር ዘመን ሥራ ባዕድ አልነበሩም። ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ፣ የአሜሪካው የስሚዝሶንያን አስትሮፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ከኢራኗ ሺራዝ ያዛወረው የቤከር-ነን ካሜራ ተተክሎ ነበር። ሦስት ቶን ያህል የሚመዝነውና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብርሃን መግቢያ የተገጠመለት ይህ ካሜራ፣ ሳተላይት በከዋክብት መካከል ስታልፍ በፊልም እየቀረጸ ትክክለኛውን ሰዓት አብሮ ይመዘግባል፤ ተመራማሪዎችም ምስሉን ቦታቸው ከሚታወቅ ከዋክብት ጋር አነጻጽረው የሳተላይቷን ምኅዋር፣ ማለትም በምድር ዙሪያ የምትጓዝበትን መንገድ፣ ከዚያም አልፈው የምድርን ቅርጽ ያሰሉ ነበር። ሐምሌ ለእንዲህ ያለ ሥራ ምቹ ወር እንዳልሆነ የአገሩን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ወደ አዳማ ሲወረድ ልኬቱ ከሰማይ ወደ ምድር ይዞራል። በአዳማ አጠገብ ባለችው በወንጂ ስም የሚጠራውን የወንጂ ስብራት ቀጠና፣ ማለትም በሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋውን የመሬት ስንጥቆችና የእሳተ ገሞራዎች ሰንሰለት፣ ለሳይንሱ ያስተዋወቀው የጂኦሎጂ ሊቅ ፖል ሞር ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂኦዲሜትር በተባለ መሣሪያ የሸለቆውን መስፋት ለመለካት ተነሣ። መሣሪያው ከአንድ ኮረብታ ብርሃን ልኮ በሌላው ኮረብታ ላይ በተተከለ መስታወት ተንጸባርቆ ሲመለስ በመካከል ያለውን ርቀት ያሰላል። አርምስትሮንግና ኦልድሪን 100 ፕሪዝሞች የተደረደሩበትን አንጸባራቂ ጨረቃ ላይ ትተው የተመለሱትም በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ከምድር የሚላክ ሌዘር እዚያ ደርሶ ሲመለስ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየራቀች መሆኗን ያሳያል፤ የስምጥ ሸለቆው መስፋት ግን በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአስተማማኝ ሁኔታ የተለካው የጂፒኤስ መሣሪያ ከመጣ በኋላ ነው።