ቀለህና ባሩድ፤ የውጅግራን ጥይት በቤት ስለ መሙላትና ስለ ማኖር

በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ የኢትዮጵያ ሠራዊት ኀይል ሲተረክ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠረው የጠበንጃው ብዛት ነው። ነገር ግን ጥይት የሌለው ጠበንጃ ከዱላ አይበልጥም። ስለዚህ ነፍጠኛው ጥይቱን ከወዴት ያገኝ እንደ ነበረና እንዴት ያኖረው እንደ ነበረ መመርመር ይገባል።

በአፈ ሙዙ በሚጎርሰው ጠበንጃ ዘመን ባሩዱ ከከሰል፣ ከዲንና ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨው በአገር ውስጥ ይቀመም፣ አረሩም ከቀለጠ እርሳስ ይፈስስ ነበር። ውጅግራ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ይህ ጠበንጃ በፈረንሳይ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. የወጣ፣ የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ መሣሪያ ነው። ፈረንሳይ ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ሠራዊቷን ለበል በተባለው አዲስ ጠበንጃ ባስታጠቀች ጊዜ፣ አሮጌው ለሽያጭ ቀርቦ ብዙው ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

የውጅግራ ጥይት የናስ ቀለህ፣ ጥቁር ባሩድ፣ የእርሳስ አረርና በቀለሁ ግርጌ ሆኖ ሲመታ እሳት የሚጭር ካፕሱል አለው። ባዶው ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ባሩድና አረር በአገር ይገኛሉ፤ ካፕሱሉ ግን በባሕር ማዶ ፋብሪካ የሚሠራ ዕቃ ነበር። ጥቁር ባሩድም እርጥበት ስለሚያበላሸው፣ ስንቁን በደረቅ ስፍራ ማኖር ግድ ነበር።

ጥይት ከአሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ በየገበያው ይዘዋወር ነበር። እንግዲህ ዝናር የታጠቀ ሰው ኀይሉንም ሀብቱንም በወገቡ ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ በቤት የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል፣ ተቀባዩ ሳይተኩሰው ዋጋውን በርግጥ ሊያውቅ አይችልም።

ጭስ የሌለው ባሩድ ሲስፋፋ ይህ ጥበብ ወሰኑ ታየ። አዲሱ ባሩድ በአሲድ ከተለወጠ ጥጥ የሚሠራ ስለ ሆነ ከጓዳ ወጥቶ የፋብሪካ ሥራ ሆነ። የዚህም ውጤት በ1927 ዓ.ም. ተገለጠ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያና ለኢጣልያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ክልከላው በቃል እኩል ቢሆንም፣ ኢጣልያ በገዛ ፋብሪካዎቿ ስለምትሠራ የተጎዳችው ከውጭ የምትገዛው ኢትዮጵያ ናት። ቀለህ ለቅሞ ባሩድ ቀምሞ የሚሞላ እጅ አንድን ወታደር ከጥይት ዕጦት ሊያድን ይችላል፤ የአገርን ነጻነት ለመጠበቅ ግን ካፕሱሉንም መሥራት ያስፈልግ ነበር።