የጢስ ዓባይ ክረምት

ስለ ጢስ ዓባይ የተጻፈ ምስክርነት ወሩ ካልተጠቀሰበት ዋጋው ትንሽ ነው። በመስከረም መጨረሻ ቦታው የደረሰ ሰው ከአርባ ሜትር በላይ ቁመት ካለው ጥቁር ገደል ላይ እስከ አራት መቶ ሜትር ተዘርግቶ የሚወርድ ውሃ ያያል፤ ጢሱም ከሩቅ ይታየዋል፣ ድምፁም ገና መንገድ ላይ ሳለ ይሰማዋል። በሚያዝያ የሄደው ደግሞ እዚያው ገደል ላይ ቀጭን ጅረት ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። አስጎብኚው ለሁለተኛው እንግዳ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፦ «በጋ ስለሆነ ነው።» ይህ ማብራሪያ ለአያቶቻችን በቂ ነበር፤ ለእኛ ግን አይበቃም። የዚህ ቦታ ያለፉት አራት መቶ ዓመታት ታሪክ፣ በእኔ እምነት፣ ሰው ወንዙ ላይ የሠለጠነውን የክረምትና የበጋ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ያሸነፈበት ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድሎች ፏፏቴውን አልነኩትም ነበር። የመጨረሻው ግን ዋጋውን ያስከፈለው ፏፏቴውን ነው፤ ስለዚህም ዛሬ ገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ከዝናቡ ይልቅ የአስተዳደር ውሳኔን ይከተላል።

ከወንዙ አፈጣጠር እንጀምር። በአይስላንድ ወይም በካናዳ ተራሮች ያሉ ታላላቅ ፏፏቴዎች ብዙዎቹ ከበረዶ ግግር ይመነጫሉ፤ በክረምት የተከማቸው በረዶ በበጋ እየቀለጠ ወንዙን ይመግባል። የእኛዎቹ ስሜንና ባሌም በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ነበራቸው፤ ከጠፋ ግን ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ለዓባይ ውሃ የማቆየቱን ሥራ የሚሠራለት ጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በሐምሌና በነሐሴ የሚያመጡትን ጎርፍ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሐይቅ ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ፏፏቴው ከዝናቡ መክበጃ ዘግይቶ፣ በመስከረም የሚበረታው ለዚህ ነው። በበጋም ይደክማል እንጂ ከነጭራሹ የማይቆም ነበር፤ ሐይቁ እያለ ወንዙ ውሃ አያጣምና።

ይህን ሥርዓት ካለመረዳት የተነሣ አንድ የታወቀ ጠብ ተፈጥሯል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፏፏቴውን አይቶ፣ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠና ቀስተ ደመናዎቹን ከዚያ እንዳየ ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በግንቦት 1770 እ.ኤ.አ. የራስ ሚካኤል ሥሑልን ጦር ተከትሎ ፏፏቴው ወዳለበት ወደ አላታ መጣ፤ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ስለነበር ያየው ውሃ ያለ አንዳች ክፍተት እንደ አንድ መጋረጃ የሚወርድ ነበር። ከዚያም ሎቦን ውሸታም አለው፤ ከዚያ ውሃ ሥር ሰው ሊቀመጥ እንደማይችል በዓይኑ አይቷልና። ብሩስ ያልጠየቀው ሎቦ የመጣው ውሃው በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደሆነ ነው። የሞላው ወንዝ የጎደለውን ሊያስተባብል አይችልም። የፏፏቴው ጠባይ ያ መለዋወጡ ራሱ ነበር፤ ለመላው ዓመት የሚበቃ አንድ ሥዕል ኖሮት አያውቅም።

ወቅቱን በመጀመሪያ ያሸነፈው ድልድይ ነው። ከፏፏቴው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨምቆ በሚያልፍበት ስፍራ፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ በሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባው የአላታ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ የህንድ ግንበኞች እጅ እንዳለበትም ይነገራል። ከዚያ በፊት ከበጌምድር ወደ ጎጃም የሚሻገር ነጋዴ ወይም ጦር በበጋ መልካ ይፈልጋል፣ አለዚያም በደንገል ታንኳ ይሻገራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሁለቱን አገር ይለያያል። ድልድዩ ይህን መለያየት አስቀረ። ለነጋሢው ግብርና ሠራዊት፣ ለነጋዴው አሞሌ ጨው፣ ለገበሬው ገበያ በነሐሴም መንገድ ተከፈተ። ከውሃው ግን አንዲት ጠብታ አልነካም። በእኔ ግምት ከኋላው ከመጡት ሥራዎች ሁሉ ጋር ሊመዛዘን የሚገባው ይህ ድልድይ ነው፤ ሰው ከወቅቱ ነጻ ሲወጣ ወንዙም ወቅቱን ይዞ መቀጠል እንደሚችል ያሳያልና።

ሁለተኛው ሙከራ ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ ቀረ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ተስማሙ። እንግሊዝ የጣናን ውሃ ለሱዳንና ለግብፅ በጋ ማቆየት ትፈልግ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ጋር በኢትዮጵያ ጀርባ ስትደራደር ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም አሜሪካ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ግድቡ ያኔ አልተሠራም። ክርክሩ ሁሉ ግን በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፦ የጣና የክረምት ውሃ ለበጋ የሚቀመጥ ሀብት ነው። ፏፏቴው በዚያ ድርድር ውስጥ ስፍራ አልነበረውም፤ ይህም መዘንጋት ለኋላው ዘመን ተረፈ።

በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የወንዙን ጥቂት ድርሻ ከፏፏቴው በላይ ጠልፎ በቦይ ወሰደ። ኃይሉ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ለተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዋና ጉልበት ሆነ፤ የሐይቁ ዳር መንደር ከተማ የሆነው በዚህ ፋብሪካ፣ በማመንጫውና በፖሊ ቴክኒኩ ነው። ማመንጫው በኋላም ከ11.4 ሜጋ ዋት ያልበለጠ ነበርና ፏፏቴው ግርማውን እንደያዘ ቆየ። እንዲያውም በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የታተመው ጢስ ዓባይ ነበር። በየሰው ኪስ የገባው ያ ምስል ሙሉ ውሃ ያለው ፏፏቴ ነው፤ ማመንጫውና ፏፏቴው አብረው መኖር እንደቻሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነገሩ የተለወጠው በጨራጨራ ግድብ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በሐይቁ መውጫ ላይ ይህ ዝቅተኛ ግድብ ቆመ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ በሮች ተሠርተውለት ሰባት ሲሆኑ፣ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይም ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በበጋ ከጣና የሚወጣው ውሃ ከቀድሞው የተፈጥሮ መጠን በለጠ፤ ፏፏቴው ዘንድ ሳይደርስ ግን አብዛኛው ወደ ማመንጫው ቦይ ታጠፈ። ወንዙ በበጋ ሲሞላ ገደሉ ደረቀ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከድርቅ ጋር ተደምሮ የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ፣ ደንገሉ ጎደለ፣ ውሃው የሸሸበትን መሬት ገበሬ አረሰው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ ውሃውን በምዕራብ በኩል አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። ከጣና በተፈጥሮ በዓመት 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በዓባይ በኩል ይወጣ ነበር። ለበለስ የተደረገው የአካባቢ ጥናት ለወንዙ እንዲለቀቅ የመከረው በሴኮንድ በአማካይ 17 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም የድሮው ፍሰት ሰባተኛ እጅ ገደማ ይሆናል። በኋላ የተደረገ የተመራማሪዎች ስሌት ግን ለወንዙ መሠረታዊ ሥነ ሕይወት ብቻ 22 በመቶ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። መብራት በሌለው አገር ለጎብኚ ዓይን ሲባል ውሃ በገደል ማፍሰስ ቅንጦት ነው የሚል ሰው እውነት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በበለስ በኩል ሲሄድ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ስለሚወርድ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ኃይል ብዙ እጥፍ ያስገኛል፤ በለስም ተመልሶ ከዓባይ ጋር ስለሚገናኝ ውሃው ለአገር አይባክንም። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀበት ጊዜ ይህ ክርክር በእኔም ሚዛን ያሸንፍ ነበር። ዛሬ ግን የሚዛኑ ክብደት ተለውጧል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በለስ ከዚያ አንድ አሥረኛውን አይሞላም። በገደሉ የሚወርደው ውሃም ቢሆን ሕዳሴ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ለፏፏቴው የሚሰጥ ድርሻ የሚያስከፍለን በበለስ ሊገኝ የነበረውን ያንን ቁራጭ ኃይል ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «በክረምት ይመለሳል እኮ» የሚለው ነው። አዎን፣ ሐይቁ ሲሞላ በሮቹ ይከፈታሉ፤ በመስከረም የሚሄድ ጎብኚ ዛሬም ሊደነቅ ይችላል። ያኔ የሚፈስሰው ግን ትርፉ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ባልሞላበት ዓመት ትርፍ የለም። ዳሩ ላይ በጀልባ ማሻገር፣ በማስጎብኘትና በትንሽ ንግድ የሚኖረው የጢስ ዓባይ ሰው ኑሮውን በትርፍ ውሃ ላይ ሊመሠርት አይችልም፤ የጎብኚ ወቅት የሚደምቀው ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው በጋ ነው። ኒያጋራን የሚጋሩት አሜሪካና ካናዳ በ1950 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት ውል፣ በጎብኚ ወራት በቀኑ ሰዓት በሴኮንድ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ያህል፣ በሌላው ጊዜ ግማሹ በፏፏቴው ላይ እንዲፈስ ወስነዋል፤ የቀረውን ያመነጩበታል። አይስላንድም ከበረዶ ግግር የሚመነጨውን ጉልፎስን ብዙ ከተከራከረችበት በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. ከልላዋለች። እኛ የኒያጋራው ዓይነት ይበቃናል። የጨራጨራ ሰባት በሮች መቼና ምን ያህል እንደሚከፈቱ የሚወስን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ለገደሉ የሚደርሰውን ድርሻ በሜትር ኩብ የሚያስቀምጥ፣ ሐይቁ ሲጎድል ማን ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚናገር፣ በየወሩም ልኬቱ በባሕር ዳር ለሕዝብ የሚነገርበት ደንብ ሊወጣ ይገባዋል።