ብሩክላንድስ

ብሩክላንድስ በደቡብ እንግሊዝ በዌይብሪጅ ከተማ አጠገብ የነበረ የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ነው። ባለርስቱ ሂዩ ሎክ ኪንግ በገዛ መሬቱና ገንዘቡ አሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሕግ በመንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ማይል (32 ኪ.ሜ.) በላይ መንዳትን ይከለክል ስለነበር፣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የመኪኖቻቸውን ፍጥነት የሚፈትኑበት ቦታ አልነበራቸውም።

የሜዳው ዙሪያ 4.4 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን በኮንክሪት የተሠራ ነበር። መኪኖቹ በፍጥነት ሲዞሩ ተንሸራተው እንዳይወጡ የኩርባዎቹ ውጫዊ ጠርዝ እስከ 9 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጓል። ፐርሲ ላምበርት በ1913 በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ100 ማይል (161 ኪ.ሜ.) በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በዚያው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ ጎማው ፈንድቶ ሞተ።

ውድድሩ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቆመ። በሜዳው ክልል የነበሩት የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ለጦርነቱ ሲስፋፉ የኮንክሪቱ ከፊል ተቆረጠ፤ በ1946 ደግሞ ቦታው ለአውሮፕላን ሠሪው ለቪከርስ አርምስትሮንግስ ተሸጠ። ስለዚህ ሜዳውን ያጠፋው ጠላት ሳይሆን የአገሩ የራሱ የጦር ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የሚገርመው፣ ከጦርነቱ በኋላ እሽቅድድሙ መጠጊያ ያገኘው እንደ ሲልቨርስቶን ባሉ፣ ጦሩ ትቷቸው በሄዱ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ነው።

ከብሩክላንድስ ኩርባዎች የተረፈው ዛሬም ይታያል፤ በስፍራውም ሙዚየም አለ።