ማን ወከለው? የ«ማስ ኢፌክት 3» ፍጻሜዎችና ለሌሎች የመወሰን ሥልጣን

እ.ኤ.አ. በማርች 2012 የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ «ማስ ኢፌክት 3»ን ለገበያ ሲያቀርብ፣ በ2007 የተጀመረው ባለ ሦስት ክፍል የሳይንስ ልቦለድ ጨዋታ መቋጫውን አገኘ። ተጫዋቾች ግን መቋጫውን አልተቀበሉትም። ፍጻሜው እንዲለወጥ ዘመቻ ከፈቱ፤ ዘመቻቸው ተራ እሮሮ እንዳይመስልም «ቻይልድስ ፕሌይ» ለተባለ የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ አሰባሰቡ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጁን ወር ፍጻሜዎቹን የሚያሰፋና የሚያብራራ ተጨማሪ ክፍል በነፃ ለቀቀ። የቅሬታው ዋና ነጥብ መመሳሰል ነበር። ሦስቱ ምርጫዎች የሚያስከትሉት ትዕይንት ከቀለሙ በስተቀር አንድ ዓይነት ነው፤ በብዙ አሥር ሰዓታት ጨዋታ የተከማቹት ውሳኔዎችም እመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ከንቱ ሆኑ ተባለ።

ቅሬታው ተገቢ ነበር። ሆኖም ተጨማሪው ክፍል ምስሎቹን ከለያየ በኋላም ያልተፈታ፣ ከመመሳሰል የከበደ ችግር አለ። ሦስቱም ፍጻሜዎች አንድ ሰው በሕያዋን ሁሉ ላይ፣ ሳይጠይቃቸውና ሊቀለበስ በማይችል ሁኔታ፣ እንዲወስን ያደርጋሉ። ጨዋታው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የመወሰኑን ሥልጣን ማን ሰጠህ?» የሚለውን ግን ያልፈዋል። ይህን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው፣ ይኸው ጨዋታ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ጥያቄውን በሚያስደንቅ ብስለት አንስቶት የነበረ መሆኑ ነው።

የታሪኩ መነሻ ሥልጣን ነው። ኮማንደር ሼፓርድ (ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ሊያደርገው ይችላል) ከሰው ልጆች የመጀመሪያው «ስፔክተር» ነው። ስፔክተሮች የጋላክሲው ሥልጡን ሕዝቦች ምክር ቤት ከሕግ በላይ እንዲሠሩ የፈቀደላቸው ወኪሎች ናቸው። ፈቃዱ ሰፊ ቢሆንም ሰጪ አለው፤ ሰጪውም ሊነፍግ ይችላል። ጠላቶቹ ሪፐሮች የሚባሉ ግዙፍ ማሽኖች ሲሆኑ፣ በየ50 ሺህ ዓመቱ መጥተው የሠለጠኑትን ሕዝቦች ያጭዳሉ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ምድር በእነርሱ እጅ ትወድቃለች። ሼፓርድ የተበታተኑትን ሕዝቦች አስተባብሮ «ክሩሲብል» የተባለውን መሣሪያ ያስገነባና መሣሪያው ወደሚገጠምበት ወደ ሲታደል የጠፈር ጣቢያ ይወጣል። እዚያም የሪፐሮቹን ፈቃድ የሚወክለው «ካታሊስት» በሕፃን ልጅ መልክ ይገለጥለታል። ሥጋ ለባሾች ምንጊዜም ማሽኖችን እንደሚፈጥሩ፣ ማሽኖቹም ምንጊዜም በፈጣሪዎቻቸው ላይ እንደሚነሡ፣ አጨዳውም የዚህ መፍትሔ እንደሆነ ያስረዳዋል። ከዚያ ሦስት መንገዶች ያሳየዋል፦ ሪፐሮቹን ማጥፋት፣ እነርሱን መቆጣጠር፣ ወይም ሥጋ ለባሽንና ማሽንን አዋህዶ አዲስ ዓይነት ፍጥረት ማድረግ።

ማጥፋት ቀላሉ ይመስላል፤ ጦርነቱም የተካሄደው ለዚህ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው አይመርጥም፤ ከሪፐሮቹ ጋር ሌሎቹን ሰው ሠራሽ ፍጡራን ሁሉ ይገድላል። ከእነዚህ መካከል ጌት የሚባሉት የማሽን ሕዝቦችና የሼፓርድ መርከብ ባልደረባ የሆነችው ኢዲ አሉ። ራኖክ በተባለች ፕላኔት ላይ ጥንቃቄ ያደረገ ተጫዋች በጌትና በፈጣሪዎቻቸው በኳሪያኖች መካከል የሦስት መቶ ዓመታትን ጠብ ያስታርቃል። እርቁን ማምጣት ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ የተጠራቀሙ ውሳኔዎችን ይጠይቃል፤ ካልተሟሉ ከሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ይጠፋል። እርቁ ከሠመረ ሌጂየን የተባለው ጌት ወገኖቹ እያንዳንዳቸው ሙሉ አካል እንዲሆኑ ሕይወቱን ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ማጥፋትን መምረጥ ትናንት የታረቁትን፣ ዛሬ በሼፓርድ ጎን መርከቦቻቸውን አሰልፈው የሚዋጉትን ወዳጆች መግደል ነው። በመጀመሪያው እትም ሼፓርድ ይህን እርቅ ለካታሊስት እንደ ማስረጃ ሊያቀርብለት እንኳ አይችልም። የክርክሩ መነሻ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን ተጫዋቹ በገዛ እጁ አሳይቶ ሳለ ዝም ይላል።

ለመቆጣጠር አጭር ትንታኔ ይበቃል። ሼፓርድ ሥጋውን አጥቶ አእምሮው የሪፐሮች ገዥ ይሆናል። ይህ ምርጫ «ኢሉሲቭ ማን» የተባለው ባለጋራ ሲደክምለት የኖረው ሕልም ነው፤ ተጫዋቹም ከካታሊስት ፊት ከመቆሙ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ሰውየው በዚሁ ሕልም ሲጠፋ አይቷል። ሼፓርድ ከእርሱ የሚለየው መልካም ሰው በመሆኑ ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ሊሻርና ሊጠየቅ የማይችል መልካም ገዥ ተገዥዎቹን አላስፈቀደም።

ውሕደት ግን ረጋ ያለ ንባብ ይገባዋል፤ ካታሊስት እንደ ተስማሚ መፍትሔ የሚያቀርበው እርሱን ነውና። ሼፓርድ ራሱን ወደ ብርሃኑ ይወረውራል፤ ብርሃኑም በጋላክሲው ሁሉ ተሠራጭቶ የእያንዳንዱን ሕያው ፍጡር ተፈጥሮ ይለውጣል። በ2012ቱ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ኢዲ ራሷ ተራኪ ሆና ሰላም የሰፈነበትንና ዕውቀት የተጋራበትን ዓለም ትገልጻለች። ምስሎቹ ደስታ የሞላባቸው ናቸው። ብዙ ተጫዋቾችም ማንም ስላልሞተ፣ ከሼፓርድ በቀር፣ ይህን ከሁሉ ንጹሕ ምርጫ አድርገው ይወስዱታል።

እኔ ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው እላለሁ። ደስታውን የሚመሰክሩት ሁሉ የሚናገሩት ከተለወጡ በኋላ ነው። አንድ ሰው አእምሮውና ሥጋው ያለ ፈቃዱ ተለውጦ «ደስ ብሎኛል» ቢል፣ ቃሉ ከመለወጡ በፊት ፈቅዶ እንደነበር አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ለውጡ መሥራቱን ብቻ ነው። ጨዋታው ይህን ያስተማረን ራሱ ነው። ሪፐሮች የሰለባዎቻቸውን አእምሮ በዝግታ ያጣምማሉ፤ ሰለባውም የሪፐሮቹን ፈቃድ የራሱ ሐሳብ አድርጎ በቅን ልብ ይሟገትለታል። በመጀመሪያው ክፍል ሳረን የተባለው ከዳተኛ ስፔክተር በአካሉ ውስጥ የሪፐር ቴክኖሎጂ ተተክሎበት የሥጋና የማሽን አንድነት የመጪው ዘመን መልክ መሆኑን ይሰብካል፤ እኛም አላመንነውም። ከተለወጠ አእምሮ የሚወጣን ስምምነት እንድንጠራጠር ሁለት ክፍል ሙሉ ያሠለጠነን ታሪክ፣ በሦስተኛው ያንኑ ስምምነት የፍጻሜው ማስረጃ አድርጎ ያቀርብልናል።

ከፍጻሜው ውዝግብ በኋላ በኦገስት 2012 የወጣው «ሌቫያታን» የተባለው ተጨማሪ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ካታሊስትን የፈጠሩት ጋላክሲውን ይገዙ የነበሩ ጥንታውያን ፍጡራን ናቸው። ተገዥ ሕዝቦቻቸው በገዛ ማሽኖቻቸው እያለቁ ስላስቸገሩ፣ የሥጋ ለባሾችንና የማሽኖችን ግጭት የሚፈታ አስተዋይ አእምሮ ሠሩ። እርሱም መፍትሔውን ሲያገኝ ፈጣሪዎቹን ቀድሞ አጨደ፤ የመጀመሪያው ሪፐርም ከእነርሱ ተሠራ። የካታሊስት ጥፋት ክፋት አልነበረም። ለሁሉ ይበጃል ያለውን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በሁሉ ላይ መፈጸሙ ነው። ሼፓርድ ፊት የተቀመጡት ሦስቱ መንገዶችም ይህንኑ ድርጊት በሌላ እጅ መድገም ናቸው።

ከዚህ ጋር በዚያው ጨዋታ ውስጥ ቱቻንካ በተባለች ፕላኔት ላይ የሚፈጸመውን ታሪክ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ክሮጋን የሚባሉት ተዋጊ ሕዝቦች ከብዙ ዘመን በፊት ዐምፀው ሲስፋፉ፣ ሳላሪያኖች የተባሉ ሕዝቦች «ጄኖፌጅ» የተባለ በሽታ ቀምመው ቱሪያኖች የተባሉት ደግሞ በተኑባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከሺህ ፅንስ አንዱ ቢተርፍ ነው። የሪፐር ጦርነት ሲመጣ ክሮጋኖች ለመዝመት ፈውሱን ይጠይቃሉ። የሳላሪያኖች መሪ ደግሞ ለሼፓርድ በምስጢር ትነግረዋለች፤ ፈውሱ እንዲከሽፍ ካደረገ፣ ክሮጋኖቹ ሳያውቁ ይዘምታሉ፣ እርሷም ድጋፍዋን ትሰጣለች። በስሌት ካየነው ማታለሉ ሁለቱንም ሠራዊት ያስገኛል።

ስሌቱ በቀላሉ የማያሸንፈው ባለጉዳዮቹ እዚያው ስላሉ ነው። የክሮጋኑ አለቃ ሬክስ አለ፤ ኢቭ የተባለችው ክሮጋን ሴት የሞተ ልጅ መውለድ ምን እንደሆነ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ፈውሱን የሚያዘጋጀው ሞርዲን ሶለስ በሽታው እንዳይላመድ ያደሰው ሳላሪያን ሳይንቲስት ነው፤ በሁለተኛው ክፍል ሥራውን በቁጥርና በትንበያ ሲከላከል ሰምተነዋል። አሁን ፈውሱን ለመልቀቅ ወደሚነድድ ማማ የሚወጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሠራው ሊሳሳት ይችላል ብሎ ያምናል። ማታለልን የመረጠ ሼፓርድ ሞርዲንን ከጀርባው ሊተኩስበት ግድ ሊሆን ይችላል፤ ሬክስ በሕይወት ካለም በኋላ ደርሶበት ለፍርድ ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ምርጫውን ከባድ የሚያደርገው የሚጎዱት ሰዎች ብዛት ስለ ጨመረ አይደለም። የተወሰነባቸው ሰዎች መጠየቅ፣ መመለስ፣ መክሰስ ስለሚችሉ ነው።

በርናርድ ዊሊያምስ በ1973 ያቀረበው ዝነኛ ምሳሌ እዚህ ላይ ያግዛል። ጂም የተባለ እንግዳ ሃያ ሰዎች ሊረሸኑ ወደ ተሰለፉበት አደባባይ ይደርሳል፤ የጦር አዛዡም አንዱን በእጅህ ብትገድል ሌሎቹን እለቃለሁ ይለዋል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት የራስን እጅ ሊረሳ እንደማይገባ ለማሳየት ነው። ብዙም የማይስተዋል አንድ ዝርዝር ግን አለ፤ የተሰለፉት ሰዎችና መንደርተኛው ግብዣውን እንዲቀበል ጂምን እየለመኑት ነው። ጂም ቢተኩስ እንኳ ሊሞት ከሚችለው ሰው ጭምር የመጣ ልመና አለው። ሼፓርድ ይህ የለውም። ጌት አልለመኑትም፤ ሊለወጡ ያሉት ሕዝቦች ለውጥ መኖሩንም አያውቁም።

የምርጫዎቹ አቀራረብ ችግሩን አባብሶታል። የትኞቹ መንገዶች ክፍት እንደሚሆኑ የሚወስነው ተጫዋቹ ያጠራቀመው የጦር ኃይል ነጥብ ነው፤ ውሕደት ከሁሉ የበለጠውን ይጠይቃል። ሚጌል ሲካርት እ.ኤ.አ. በ2009ና በ2013 ባሳተማቸው መጻሕፍት የጨዋታ ሥነ ምግባር በቁጥር ሲለካ ተጫዋቹ እንደ ሞራላዊ ሰው ማሰቡን ትቶ ነጥብ ወደ መሰብሰብ እንደሚያዘነብል ተከራክሯል። እዚህ የምናየው ከዚያም ያልፋል፤ ብዙ ነጥብ የጠየቀው መንገድ የሽልማት ገጽታ ተላብሶ፣ መልካም መሆኑ ሳይመረመር ይታመናል።

ተጨማሪው ክፍል አራተኛ በር ከፍቷል። ሼፓርድ ሦስቱንም እምቢ ማለት ይችላል። ካታሊስት ድምፁን ለውጦ ውሳኔውን ይቀበላል፤ መሣሪያው ይጠፋል፤ የዚህ ዘመን ሕዝቦችም ሁሉ ይታጨዳሉ። ባልደረባው ሊያራ ለመጪዎቹ የቀበረችው መዝገብ ግን ይደርሳቸዋል፤ አዙሪቱ የሚሰበረውም በእነርሱ ዘመን ነው። ብዙዎች ይህን ፍጻሜ ከኩባንያው ለተቆጡ ተጫዋቾች የተሰነዘረ ቅጣት አድርገው አንብበውታል። እኔ ደግሞ እምቢታው ራሱ ከችግሩ እንደማያመልጥ አያለሁ። ሼፓርድ በማንም ላይ አልወስንም ሲል ቢሊዮኖችን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል፤ እነርሱም አልተጠየቁም። ለመርሕ መሞትን መምረጥ የሚቻለው በራስ ሕይወት ነው።

ተጫዋቹ በራሱ ንብረት ላይ ብቻ እንዲወስን ያደረገ ሌላ የሳይንስ ልቦለድ ጨዋታ አለ፤ ዮኮ ታሮ የመሩት፣ በ2017 የወጣው «ኒየር አውቶማታ»። ከፊደል ኤ እስከ ዜድ የተሰየሙ 26 ፍጻሜዎች አሉት። በፍጻሜ ኢ ተጫዋቹ ከአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር ጋር ውጊያ ይገጥማል፤ ብቻውን መወጣት እጅግ ሲከብደው ከዚህ ቀደም የተጫወቱ የማያውቃቸው ሰዎች ሊያግዙት ይመጣሉ። ካለፈ በኋላ ጨዋታው ይጠይቀዋል፤ ሌላ እንግዳ ሰው እንዲሁ እንዲታገዝ ያስቀመጥከውን የጨዋታ መዝገብ ሁሉ ትሰርዛለህ? የሚረዳው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም፣ የሚጠላውም ሰው ሊሆን ይችላል፣ ምስጋናም አይደርሰውም። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ይነገረዋል፤ እሺ ካለ መዝገቡ በዓይኑ ፊት ይጠፋል። ዋጋውን የሚከፍለው የጠየቁትና የፈቀደው ሰው ብቻ ነው።

ለሼፓርድ የሚቀርበው ጠንካራ መከላከያ ጊዜ አልነበረውም የሚለው ነው። መርከቦች እየነደዱ፣ በየደቂቃው ሺዎች እየሞቱ፣ ጉባኤ መጥራት አይቻልም፤ አዛዥም የተሾመው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። መከላከያው ለአንድ ሕዝብ ምርጫ፣ ለጋላክሲ ሙሉ ድምፅ አሰጣጥ እውነት ነው። ነገር ግን ካታሊስት ከመገለጡ ጥቂት ቀደም ብሎ አድሚራል ሃኬት መሣሪያው እንዳልሠራ ለሼፓርድ በሬዲዮ ነግሮታል። መስመሩ ይሠራል። በመስመሩ ማዶ የሕዝቦቹ ሁሉ መርከቦች አሉ፤ እርቁ ከሠመረም የጌት መርከቦች ከእነርሱ ጋር ናቸው። በዚያ ሰዓት ላይ ደራሲዎቹ አንድ የንግግር ምርጫ ሊጨምሩ፣ ሼፓርድ ቢያንስ ኢዲን እንዲጠይቃት ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። ኢዲ ከዚያ በፊት ለመርከቡ አብራሪ ለጆከር ስትል መጥፋትን እንኳ እንደምትጋፈጥ ለሼፓርድ ነግራዋለች፤ መልሷ እሺ ሊሆን ይችላል። ያኔ የማጥፋቱ ምርጫ የሚያስከትለው ሞት ቁጥሩ አንድም አይቀንስም። ኢዲ ግን በወዳጇ እጅ ሳታውቀው የጠፋች ሳትሆን እንደ ሌጂየን ራሷን የሰጠች ትሆን ነበር፤ እምቢ ብትልም ሼፓርድ እምቢታዋን ሰምቶ መሣሪያውን መተኮስ ወይም አለመተኮሱን በእርሷ ፊት መወሰን ይጠበቅበት ነበር።